ዋግ ሪዶሚልን እንዳይለምድ፦ የድንችና የቲማቲም ርጭት እንዴት ይያዛል?

ደላንታና መቄት ላይ ድንች፣ ቆቦና ጊራና ላይ በመስኖ ቲማቲም የሚያመርት ገበሬ ማሳው ውስጥ ዋግ (ቅጠሉን የሚያቃጥለውን በሽታ) ሲያይ አብዛኛውን ጊዜ ሮጦ የሚገዛው ሪዶሚል ነው። መድኃኒቱ ጥሩ ነው። የሚያበላሸው ዘግይቶ፣ በግማሽ መጠንና ሌላ ሳይቀያየር ደጋግሞ መርጨቱ ነው።

ሪዶሚል ውስጥ ያለው ሜታላክሲል በዋጉ ሰውነት ውስጥ የሚመታው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ከሚሊዮን የዋግ ዘሮች መካከል ያ ቦታው ትንሽ የተለወጠ ጥቂት ዘር ካለ ርጭቱ አይነካውም። ሌላው ሲያልቅ እሱ ብቻውን ይራባል፤ በቀዝቃዛና እርጥብ አየር አንድ ትውልድ ከ5 እስከ 7 ቀን ይበቃዋል። አየርላንድና ኔዘርላንድስ ውስጥ ሜታላክሲል ገበያ ላይ በዋለ በጥቂት ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ የድንች ዋግ አልሞት ያለው በዚህ መንገድ ነው። ሪዶሚል ውስጥ አብሮ ያለው ሌላው መድኃኒት፣ ማንኮዜብ፣ ግን ብዙ ቦታ ስለሚመታ መልመዱ እጅግ ይከብዳል። ሁለቱ ተቀላቅለው የሚሸጡትም ለዚህ ነው።

1. መጀመሪያ በሽታውን ይለዩ

በማለዳ ጤዛ ሳይረግፍ ቅጠሉን ገልብጠው ይዩ። ጥቁር ቡናማው ቁስል ዳር ዳሩን ነጭ፣ ስስ ጥጥ የመሰለ ነገር ካበቀለ ዋግ ነው። ካላዩ ቅጠሉን ከእርጥብ ጨርቅ ጋር ፌስታል ውስጥ አስረው ያሳድሩት፤ ዋግ ከሆነ በማግስቱ ነጩ ይወጣል። በታችኛው ቅጠል ላይ ክብ በክብ የተደራረበ ደረቅ ነጠብጣብ ሌላ በሽታ ነው፤ ሜታላክሲል አይነካውም። ቅጠሉ ሳይቆስል ተክሉ ሙሉ በሙሉ ከጠወለገ ግንዱን ቆርጠው ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ያንጠልጥሉት። ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ከወረደ ባክቴሪያ ነውና ምንም ቢረጩ ገንዘብዎን ነው የሚያፈሱት።

የስንዴ ዋግ መድኃኒትም፣ ለምሳሌ ቲልት፣ ለድንች ዋግ አይሠራም። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ፍጥረታቸው የተለያየ ነው።

2. የሚቀያየረው የንግድ ስሙ ሳይሆን በውስጡ ያለው ነው

ፓኬቱ ላይ በትንንሹ የተጻፈውን ያንብቡ። ሦስት የተለያየ ስም ያላቸው ፓኬቶች ሁሉም ሜታላክሲልና ማንኮዜብ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እነሱን ማፈራረቅ አንዱን ሦስት ጊዜ ከመርጨት አይለይም። ለዋግ ከሚሆኑት መካከል ሜታላክሲል (ሜፌኖክሳምም ያው ቡድን ነው) አንድ ቡድን ነው፣ ሳይሞክሳኒል ሌላ፣ ዳይሜቶሞርፍና ማንዲፕሮፓሚድ በአንድነት ሌላ። ማንኮዜብ፣ ክሎሮታሎኒልና መዳብ ደግሞ ብዙ ቦታ የሚመቱ፣ የሚከላከሉ ናቸው።

3. መጠኑን በማንኪያ ግምት አይተዉት

መርጫዎ ምን ያህል እንደሚያወጣ መጀመሪያ ይለኩ። 10 ሜትር በ10 ሜትር ቦታ ከልለው መርጫው ላይ 10 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይጨምሩ፤ በተለመደው እርምጃዎ ይርጩና የተረፈውን ይለኩ። 5 ሊትር ከወጣ ሩብ ሄክታር ላይ 125 ሊትር ይፈልጋሉ ማለት ነው፤ በባለ 16 ሊትር መርጫ 8 ሙሌት ያህል። የሪዶሚል ጎልድ ኤምዜድ 68 መጠን በሄክታር 2.5 ኪሎ ስለሆነ ለሩብ ሄክታር 625 ግራም፣ ለአንድ ሙሌት 78 ግራም ይደርሳል። በሙሌት 30 ወይም 40 ግራም የሚያደርግ ሰው ደካማውን ብቻ ገድሎ ጠንካራውን እያስቀረ ነው። የሌላ መድኃኒት መጠን የራሱ ፓኬት ላይ ያለው ነው። ዱቄቱን መጀመሪያ በትንሽ ባልዲ ውኃ አማስለው፣ አጣርተው ይገልብጡት፤ ካልሟሟ ኖዝሉን (የመርጫውን አፍ) ይዘጋል።

4. ተራውን ከዘር ጊዜ ጀምሮ ያቅዱ

የክረምት ድንች ላይ የሚሠራው ተራ ይህን ይመስላል። ተክሉ ጎን ለጎን ሊነካካ ሲል፣ በሽታ ሳይታይ፣ ማንኮዜብ ብቻውን። ከ7 እስከ 10 ቀን በኋላ፣ ቅጠሉ ፈጥኖ በሚያድግበት ጊዜ፣ ሪዶሚል፤ ሜታላክሲል በውስጥ ወደ አዲሱ ቅጠል ስለሚወጣ ጉልበቱ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ቀጥሎ ከሌላ ቡድን፣ ለምሳሌ ሳይሞክሳኒል ከማንኮዜብ ጋር። ዝናቡ ካልፋታ ሪዶሚልን አንድ ጊዜ ይድገሙትና በቃ፤ በአንድ ምርት ከሁለት ጊዜ አያልፉ። መጨረሻውን በማንኮዜብ ይዝጉ። ከመጨረሻው ርጭት እስከ ቁፈራ ወይም ለቀማ የሚጠበቀው ቀን ፓኬቱ ላይ አለ፤ በተለይ በየሳምንቱ የሚለቀም ቲማቲም ላይ እሱን መዝለል የሚበላውን ሰው መበደል ነው።

ማሳው ግማሽ ከተቃጠለ በኋላ ሪዶሚል መርጨት ከሁሉ የከፋው ነው። ያን ጊዜ ዋጉ በዝቷል፣ ለማዳ የሚሆነውም ዘር የሚመረጠው ከዚያ ብዛት ነው። በጣም የተመታውን ተክል ነቅለው ይቅበሩ፤ የቀረውን ለመጠበቅ ከሌላ ቡድን ይርጩ።

5. ሲረጩ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ በወሎ ደጋ ዝናቡ በብዛት ከሰዓት በኋላ ስለሚጥል፣ ጤዛው እንደደረቀ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ይጀምሩ። መድኃኒቱ ሳይዘንብ ቅጠሉ ላይ መድረቅ አለበት። ኖዝሉን ከታች ወደ ላይ አዙረው የቅጠሉን ጀርባ ያግኙት፤ ነጩ የሚበቅለው እዚያ ነው። ጓንት፣ ቦት ጫማና የአፍ መሸፈኛ አይለዩዎት።

6. ያለ መድኃኒት የሚሠራውን አይናቁ

እያንዳንዱ የሚቀር ርጭት ዋጉ የሚለምድበትን ዕድል ይቀንሳል። በለጠ (በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ) እና ጉደኔ የተባሉት ዝርያዎች ከአካባቢው ድንች የተሻለ ይቋቋማሉ። በራሱ የበቀለውን ድንች ይንቀሉ፤ ከበልግ ወደ ክረምት፣ ከክረምት ወደ መስኖ በሽታውን የሚያሻግረው እሱ ነው። የበሰበሰ ድንች ማሳ ዳር አይከምሩ። የድንችና የቲማቲም ማሳ አጠገብ ለአጠገብ አይሁን።

7. ረጭተው ካልሠራ

ለምዷል ከማለትዎ በፊት መጠኑን፣ ዝናቡን፣ የፓኬቱን ማብቂያ ቀንና የት እንደተገዛ ይመርምሩ። ሁሉም ደህና ከሆነ ገና የጀመረው ቁስል ያለባቸውን 10 ቅጠሎች በክር አስረው ምልክት ያድርጉ። ሪዶሚል በሙሉ መጠን ተረጭቶ ከ4 እና ከ5 ቀን በኋላም በማለዳ ዳሩ ላይ አዲስ ነጭ ከታየ መላመዱን ይጠርጥሩ። በዚያ ምርት ሜታላክሲል ያለበትን ሁሉ ያቁሙና ወደ ሌላ ቡድን ይለፉ። ቅጠሉን በወረቀት ጠቅልለው፣ የተረጨውን መድኃኒት ስምና ቀን ጽፈው ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወይም ለሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ያድርሱ፤ ለጎረቤቶችዎም ይንገሩ፤ የዋግ ዘር በነፋስ ስለሚሄድ በማግስቱ የእነሱ ማሳ ላይ ነው።