ሦስታችንም አንድ ዓይነት ሙያ ነበረን
ሽሮና በርበሬ አሽገን በአዲስ አበባ ለየቤቱ የምናደርስ ሦስት ጓደኛሞች ነን። ሁላችንም የሶፍትዌር ባለሙያዎች በመሆናችን መተግበሪያው አማረ፤ ትእዛዙ ግን እየተሳሳተ ይመለስ ነበር። አንድ ማታ የተመለሱትን እሽጎች ወለሉ ላይ ደርድረን ደረሰኞቹን ስናገላብጥ፣ «ይህን ያሸገው ማን ነው?» ለሚለው መልስ የሚሰጥ ጠፋ።

አራተኛ ፕሮግራመር መፈለጋችንን ትተን መርካቶ እህል መደብር ውስጥ የሠራች ሴት አገኘን። በቃለ መጠይቅ ፋንታ ሚዛንና ሃያ ትእዛዝ ሰጠናት፤ ገና ሥራውን ሳትጀምር ሚዛናችን መዛባቱን ነገረችን! የሙከራ ጊዜውን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት ሳናስበልጥ በጽሑፍ አሰፈርን። በማሸግና በማድረስ ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የእርሷ ነው፤ እኛም እንታዘዛለን። ካለፈው ወር ወዲህ በስህተት የተመለሰ እሽግ የለም።