የመብራት ቢሉ ድንገት ሲንር ጥፋቱ የማን ነው?

አራት ኪሎም ልደታ ኮንዶሚኒየምም ይህ የተለመደ ነው። ኑሮው ሳይለወጥ ቢሉ እጥፍ ይመጣል፣ አከራይ «አጠቃቀማችሁን ቀንሱ» ይላሉ፣ ተከራይም እየተብከነከነ ይከፍላል። ከመጨቃጨቅ በፊት ቆጣሪውን ማየት ይሻላል።

ሁሉም ነገር ተነቅሎ ቆጣሪው ይቆጥራል?

ዋናውን ብሬከር አጥፉት። አሁንም ከቆጠረ ወይ ከብሬከሩ በፊት ለሌላ ቤት የተቀጠለ መስመር አለ፣ ወይ ቆጣሪው ተበላሽቷል። ቆጣሪውን ራሳችሁ አትንኩ፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አመልክቱ። ሰርቪስ ቤት ባለበት ግቢ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቅጥያ ነው።

ብሬከሩ ሲጠፋ ቆመ? እንግዲያው ችግሩ ቤት ውስጥ ነው። ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያበራችሁ ለዩ።

አብዛኛውን ጊዜ ቦይለር ነው

ጤነኛ ቦይለር ውሃው ሲሞቅ ራሱ ያቆማል። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ከተበላሸ ግን ማሞቁን ይቀጥላል። ሙቅ ውሃ የሚያንጠባጥብም ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ እየገባ እንደገና ይሞቃል። 1,500 ዋት ቦይለር በቀን 6 ሰዓት በከንቱ ቢሠራ በ30 ቀን 270 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ስለሚያስወድድ ጉዳቱ ድርብ ነው። ቴርሞስታቱን ባለሙያ ይቀይረው። እስከዚያው ከታጠባችሁ በኋላ አጥፉት።

የውሃ ቢል ከሆነ ቧንቧዎቹን ዘግታችሁ ቆጣሪውን እዩ። ከዞረ የሽንት ቤቱን ታንከርና የሮቶውን ተንሳፋፊ አስፈትሹ።

ማን ይክፈል?

ቦይለሩ ከቤቱ ጋር የተከራያችሁት ከሆነና ያረጀው በዕድሜው ከሆነ ማስጠገን የአከራይ ድርሻ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን በደህና ሁኔታ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ጥቃቅን ጥገና ግን በተከራይ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል ውላችሁን አንብቡ።

«ጥገና ብጠይቅ ያስወጡኛል» የሚለው ፍርሃት ይገባኛል፤ ብዙ ሰው ዝም የሚለው በዚህ ነው። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት ሊያንስ አይችልም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብም አለበት።

ቢሉን በጊዜው ክፈሉ፣ መብራት እንዳይቆረጥባችሁ። የቆጣሪውን ፎቶና የባለሙያውን ጽሑፍ ያዙ፣ ከዚያ በአክብሮት ጻፉ፦ «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? ቦይለሩ ስለማያቋርጥ ቢሉ ጨምሯል። ባለሙያ አይቶታል፣ ፎቶውን ልኬያለሁ። መቼ ይሠራልን?» በራሳችሁ ገንዘብ አሠርታችሁ ከኪራይ ለመቀነስ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። መልስ ካጣችሁ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ውሉን ወዳስመዘገባችሁበት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሂዱ።