ናይፋይን ከውጭ ጥያቄ እንዲቀበል ስታዘጋጁ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

አፓቼ ናይፋይን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ዳታ ከአንድ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ ሲያደርስ ነው። ፋይል ያነሳል፣ ዳታቤዝ ይጠይቃል፣ የሌላውን ኤፒአይ ይጠራል። ሥራውን የሚጀምረው ራሱ ስለሆነ አምስት ደቂቃ ቢዘገይም የሚቆጣ የለም። ነገሩ የሚገለበጠው እሱ ራሱ ተጠሪ ሲሆን ነው። የክፍያ ድርጅት «ደንበኛው ከፍሏል» የሚል ማሳወቂያ ሲልክላችሁ፣ ወይም የሞባይል መተግበሪያ «የዚህ ሰው ቀሪ ሂሳብ ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እዚያኛው ጫፍ ላይ መስመሩን ክፍት አድርጎ መልስ የሚጠብቅ አለ። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይሄ ጠባቂ ስለሚረሳ ነው።

ስህተት 1፦ ፕሮሰሰሩን በስሙ መምረጥ

ናይፋይ ውስጥ ጥያቄ ለመቀበል ብዙ ጊዜ የሚነሱት ሁለት ፕሮሰሰሮች (እየተገናኙ ሥራውን የሚሠሩት ሳጥኖች) ናቸው። አንዱ ሊስን ኤችቲቲፒ፣ ሌላው ሃንድል ኤችቲቲፒ ሪኩዌስት። ስማቸው ስለሚቀራረብ ሰው ፍለጋው ላይ መጀመሪያ ያገኘውን ጎትቶ ያስቀምጣል። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

ሊስን ኤችቲቲፒ የተላከለትን ይቀበላል፣ ፍሎው ፋይል (ናይፋይ ውስጥ የሚዘዋወር አንድ የዳታ ጥቅል) ያደርገዋል፣ ወዲያው 200 («ደርሶኛል») ብሎ ያሰናብታል። ከዚያ በኋላ ዳታው ምን እንደደረሰበት ላኪው አያውቅም። የሚቀበለው ፖስት (ዳታ መላኪያ) እና ሄድ ብቻ ነው፤ ጌት (ዳታ መጠየቂያ) ብትልኩለት 405 («ይህ አይፈቀድም») ይመልስላችኋል። ስለዚህ ብራውዘር ላይ አድራሻውን ጽፋችሁ «አልሠራም» አትበሉ፣ ብራውዘሩ የሚልከው ጌት ነው።

ሃንድል ሪኩዌስት ደግሞ (ከዚህ በኋላ ላሳጥረው) ጥያቄውን ይዞ መስመሩን ክፍት ይተወዋል። መልሱ የሚሄደው ፍሎው ፋይሉ በጓደኛው በሃንድል ሪስፖንስ ሲያልፍ ነው። እሱ ከሌለ መልስ የለም።

በእኔ አስተያየት ማሳወቂያ ብቻ ለመቀበል ሊስን ኤችቲቲፒ ይበቃል፣ ለጥያቄና መልስ ግን ሃንድል ሪኩዌስት ግዴታ ነው። የክፍያ ማሳወቂያን በሃንድል ሪኩዌስት ተቀብላችሁ፣ ዳታቤዝ ጽፋችሁ፣ ኤስኤምኤስ ልካችሁ፣ ሪፖርት አዘጋጅታችሁ በመጨረሻ 200 የምትሉ ከሆነ፣ ላኪው መጠበቅ ሰልችቶት ያቋርጥና ያንኑ ማሳወቂያ ደግሞ ይልከዋል። ከዚያ አንዱ ክፍያ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ሒሳብ ክፍሉ ሲያያችሁ ጉድ ይፈላል። መጀመሪያ አስቀምጡ፣ መልሱን ስጡ፣ የቀረውን ከዚያ በኋላ ሥሩ። እንዲያም ሆኖ ድግግሞሽ መምጣቱ አይቀርም፤ ዳታቤዙ ላይ የግብይት ቁጥሩ እንዳይደገም አድርጉ።

ስህተት 2፦ የፌይለር መስመሩን ዝም ማሰኘት

ይሄ የስህተቶች ሁሉ አባት ነው። ናይፋይ ላይ አንድ ፕሮሰሰር ሥራ እንዲጀምር መውጫዎቹ በሙሉ ወይ መገናኘት አለባቸው ወይ እዚያው እንዲያልቁ መደረግ አለባቸው። ሰው ቀይ ምልክቱ እንዲጠፋለት ብቻ «ፌይለር» (ያልተሳካው የሚወጣበት) የሚለው ላይ ተርሚኔት የምትለዋን ሳጥን ምልክት ያደርጋል። ፋይል በሚያመላልስ ሥራ ላይ ይሄ አንዳንዴ ያስኬዳል። እዚህ ላይ ግን ፍሎው ፋይሉን ጣላችሁት ማለት ጠያቂውን መልስ አልባ ተዋችሁት ማለት ነው።

ምን እንደሚሆን በቅርብ እንየው። ላኪው ጄሰን ላከ፣ አንድ ኮማ ተረስታለች። ኢቫሉዌት ጄሰን ፓዝ (ከጄሰን ውስጥ መረጃ የሚያወጣው ፕሮሰሰር) አላነበው አለ፣ ወደ ፌይለር ወረወረው፣ እዚያ ተጣለ። ላኪው ይጠብቃል። በነባሪው (እናንተ ካልቀየራችሁት) 1 ደቂቃ ያህል ከጠበቀ በኋላ ናይፋይ ጊዜው ያለፈበትን ጥያቄ ያጸዳና 503 ይሰጠዋል። ላኪው 503 ሲያይ «ሰርቨራችሁ ወድቋል» ብሎ ይደውላል፤ እናንተ ታያላችሁ፣ ሰርቨሩ ደህና ነው። ጥፋቱ የላኪው ሆኖ ሳለ ቀኑን ሙሉ እናንተ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ወዲያው 400 («ጥያቄህ የተሳሳተ ነው») ቢያገኝ ኖሮ ኮማዋን ራሱ ያገኛት ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። እያንዳንዱ የፌይለር መስመር ወደ አፕዴት አትሪቢዩት ይሂድ (አትሪቢዩት ማለት ፍሎው ፋይሉ ላይ የሚለጠፍ መረጃ ነው)፣ እዚያ የስህተቱ ቁጥር ይሰጠው፣ ከዚያ ወደ ሃንድል ሪስፖንስ ይግባ። ሃንድል ሪስፖንስ የስቴተስ ኮዱን ከአትሪቢዩት ላይ ማንበብ ይችላል። ለ400 እና ለ500 የተለያየ ሃንድል ሪስፖንስ ማስቀመጥም ይቻላል፣ እንደ ምርጫችሁ። ራውት ኦን አትሪቢዩት (አትሪቢዩት አይቶ መስመር የሚመርጠው ፕሮሰሰር) ላይ «አንማችድ» የሚለውም መውጫ እንዳይረሳ።

እግረ መንገዴን አንድ የሚያሸውድ ነገር ልንገራችሁ። ኢቫሉዌት ጄሰን ፓዝ ውጤቱን ወደ አትሪቢዩት እንዲያወጣ ካደረጋችሁት፣ የፈለጋችሁት ነገር ጄሰኑ ውስጥ ባይኖርም ወደ «ማችድ» ነው የሚልከው፣ አትሪቢዩቱን ባዶ አድርጎ። ማለትም ስልክ ቁጥር የሌለው ጥያቄ እንደ ደህና ጥያቄ ያልፋል። ቀጥላችሁ ባዶ መሆኑን ፈትሹ።

ስህተት 3፦ መለያውን መንገድ ላይ መጣል

ሃንድል ሪኩዌስት ጥያቄ ሲቀበል ፍሎው ፋይሉ ላይ ኮንቴክስት አይደንቲፋየር የሚባል አትሪቢዩት ይለጥፋል። ገበያ ማዕከል በር ላይ ቦርሳ ሲያስረክቡ እንደሚሰጥ የቁጥር ካርድ አስቡት፤ ካርዱ ከጠፋ ቦርሳው ውስጥ ቢኖርም ማንም አይሰጣችሁም። ሃንድል ሪስፖንስ ይሄን መለያ ይዞ ኤችቲቲፒ ኮንቴክስት ማፕ የሚባለው ሰርቪስ ውስጥ ጠያቂውን ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ጥፋት ሁለት ማፕ መፍጠር ነው። ሃንድል ሪኩዌስት ላይ አንዱን፣ ሃንድል ሪስፖንስ ላይ ሌላውን መርጣችሁ ከሆነ፣ ስማቸው አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ የተለያዩ ናቸው። ሁለቱም ፕሮሰሰሮች ያንኑ አንዱን ይጠቀሙ። በኮፒ ፔስት የመጣ ፍሎው ላይ በተለይ ይሄን እዩ።

ሁለተኛው ስፕሊት ነው። ስፕሊት ጄሰን አንዱን ጥያቄ ሃያ ቦታ ቢከፍለው ሃያውም ያንኑ መለያ ይወርሳሉ። ቀድሞ የደረሰው መልስ ይሰጣል፣ የቀሩት አሥራ ዘጠኙ «እንዲህ የሚባል ጥያቄ የለም» ተብለው ፌይለር ይሄዳሉ፣ ሎጉም በቀይ ይሞላል። ኢንቮክ ኤችቲቲፒም (ሌላ ሰርቨር የሚጠራው ፕሮሰሰር) እንዲሁ ነው፤ ከመውጫዎቹ መካከል «ኦሪጅናል» እና «ሪስፖንስ» የሚባሉ ሁለት አሉ፣ ሁለቱንም ወደ መልስ ካገናኛችኋቸው ላኪው አንዳንዴ የጠየቀውን ራሱኑ መልሶ ያገኘዋል። ከሁለቱ የሚገናኘው «ሪስፖንስ» ብቻ ነው።

ሦስተኛው መርጅ ኮንተንት (ብዙ ፍሎው ፋይሎችን ወደ አንድ የሚጠቀልለው) ነው። በነባሪው ይዞ የሚያቆየው በሁሉም ላይ አንድ የሆነውን አትሪቢዩት ብቻ ነው። የሁለት ሰው ጥያቄ አንድ ላይ ከተጠቀለለ መለያቸው ስለሚለያይ ሁለቱም ይጠፋሉ። ለብቻችሁ ስትሞክሩት ይሠራል፣ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠይቅ ይበላሻል። ስፕሊት ያደረጋችሁትን መልሳችሁ ለመሰብሰብ ከሆነ «ዲፍራግመንት» የሚለውን ስልት ምረጡ።

ስህተት 4፦ ላፕቶፕ ላይ ሠራ ተብሎ ክላስተር ላይ መጫን

ክላስተር ማለት ኖድ የሚባሉ ብዙ ሰርቨሮች እንደ አንድ ሲሠሩ ነው። ከ1.8 ጀምሮ ናይፋይ በሁለት ፕሮሰሰር መካከል ያለውን መስመር ለኖዶቹ ሥራ እንዲያከፋፍል ማድረግ ይችላል። በጣም ጥሩ ነገር ነው፣ እዚህ ግን አይነካካ። ኮንቴክስት ማፑ ያለው ጥያቄውን በተቀበለው ኖድ ሜሞሪ ውስጥ ነው። ፍሎው ፋይሉ ወደ ሌላ ኖድ ከተላከ እዚያ ያለው ሃንድል ሪስፖንስ ጠያቂውን አያውቀውም። 3 ኖድ ካላችሁና በተራ የሚያድል ካደረጋችሁት፣ ከሦስት ጥያቄ አንዱ ብቻ ነው የሚሳካው። ይሄ «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» የሚባለው ዓይነት ነው፣ ሰው ወደ ኔትወርክ ክፍል የሚሮጥበት።

ጭነቱን ማከፋፈል ያለበት ከፊት ያለው ነው። ኤንጂንኤክስ ወይም ኤችኤ ፕሮክሲ (ጥያቄ ተቀብለው ወደ ኖዶቹ የሚያስተላልፉ ፕሮክሲዎች) ከፊት አስቀምጡ፣ ጥያቄው የገባበት ኖድ ላይ ተሠርቶ ከዚያው ይውጣ።

ስህተት 5፦ ቁጥሮቹን እርስ በርስ አለማስተያየት

ኮንቴክስት ማፑ በነባሪው 5000 ጥያቄ ይይዛል፣ ለእያንዳንዱም 1 ደቂቃ ይሰጣል። ኢንቮክ ኤችቲቲፒ መልስ የሚጠብቀው 15 ሰከንድ ነው። ኤንጂንኤክስ 60 ሰከንድ። እነዚህ ሲስተካከሉ ከውስጥ ያለው ከውጭ ካለው ማጠር አለበት። ውስጥ ያለውን ወደ 2 ደቂቃ ከፍ አድርጋችሁ ውጭውን እንደነበረ ከተዋችሁት፣ ናይፋይ ለሌለ ሰው መልስ ሲያዘጋጅ ይኖራል።

ወረፋውም እንደዚያው ነው። በሁለት ፕሮሰሰር መካከል ያለው ወረፋ በነባሪው 10,000 ፍሎው ፋይል ወይም 1 ጊጋባይት እስኪሞላ ይቀበላል። ለፋይል ሥራ ምንም አይደል። መልስ የሚጠብቅ ሰው ባለበት ግን 10,000 የተደረደረበት ወረፋ ማለት አብዛኛው ጠያቂ ጥሎ ሄዷል ማለት ነው፣ እናንተ ግን እያንዳንዱን ዳታቤዝ ድረስ ትወስዱታላችሁ። ወረፋውን ወደ መቶዎች አውርዱት። ሲሞላ ሃንድል ሪኩዌስት መቀበል ያቆማል፣ የራሱ ትንሽ ወረፋ (ነባሪው 50 ነው) ስትሞላ ደግሞ 503 ይላል። ደቂቃ አስጠብቆ ከሚመጣ 503 ወዲያው የሚመጣ ይሻላል።

ስህተት 6፦ «ናይፋይ ፓስወርድ አለው እኮ» ማለት

አለው። ከ1.14 ወዲህ ሲጫን ጀምሮ ዩአይው በ8443 ላይ በኤችቲቲፒኤስ፣ በዩዘርና በፓስወርድ ነው የሚከፈተው። ያ ፓስወርድ ግን የሚጠብቀው ዩአይውንና የናይፋይን የራሱን ኤፒአይ ነው። ሃንድል ሪኩዌስት የሚከፍተው ፖርት ሌላ ነው፣ የሱ ጥበቃ ደግሞ ሲጀመር ባዶ ነው። ኤስኤስኤል ኮንቴክስት ሰርቪስ (የምስጠራ ቅንብሩን) ካልሰጣችሁት ሁሉም ነገር በግልጽ ጽሑፍ ይሄዳል። ላኪው የታወቀ አንድ ድርጅት ከሆነ የክላይንት ሰርተፍኬት ግዴታ አድርጉበት። «አላውድ ፓዝስ» (የሚፈቀዱ አድራሻዎች) የሚለውን ባዶ አትተዉ። ጌት፣ ፖስት፣ ፑት፣ ዲሊት አራቱም በነባሪው ክፍት ናቸው፤ የማትፈልጉትን ዝጉ። ኦፕሽንስ ግን ዝግ ነው፣ ስለዚህ ከሌላ ዶሜይን ያለ ድረ ገጽ በቀጥታ እንዲጠይቃችሁ ከፈለጋችሁ ክፈቱት፣ አለበለዚያ ብራውዘሩ ብዙ ጊዜ ዋናውን ጥያቄ እንኳ ሳይልክ ይመለሳል።

የሃንድል ሪኩዌስት ነባሪ ፖርት 80 ነው። ሊኑክስ ላይ ከ1024 በታች ያለ ፖርት ለተራ ዩዘር አይከፈትም። «እሺ በሩት (ሁሉ በተፈቀደለት ዩዘር) ላስነሳው» የሚለው ሐሳብ ሲመጣባችሁ ተነሥታችሁ ቡና ጠጡ። ከፍ ያለ ፖርት ስጡትና ከፊት ያለው ፕሮክሲ ያስተላልፍለት።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ደግሞ ይሄ ነው። ከላኪው የመጣ ሄደር (ከጥያቄው ጋር የሚላክ ተጨማሪ መረጃ) በሙሉ አትሪቢዩት ይሆናል፣ የመግቢያ ቶክን የሚይዘው ኦቶራይዜሽን የሚለውም ጭምር። አትሪቢዩት ፕሮቬናንስ (የእያንዳንዱ ፍሎው ፋይል የጉዞ መዝገብ) ውስጥ ይመዘገባል። ማለትም ፕሮቬናንስ ማየት የተፈቀደለት ባልደረባ ሁሉ የደንበኛውን ቶክን ቁጭ ብሎ ያነባል። በአፕዴት አትሪቢዩት ብታጠፉት ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው የምታጠፉት፣ የገባበት ቅጽበት ተመዝግቦ ቀርቷል። ቶክኑን ፕሮክሲው ላይ ፈትሹና ወደ ውስጥ አታሳልፉት። ሃንድል ሪስፖንስ ላይ ደግሞ የትኞቹ አትሪቢዩቶች ሄደር ሆነው ይመለሱ የሚል ቦታ አለ፤ «ሁሉንም» የሚል ሬጄክስ የጻፈ ሰው የውስጥ ገበናውን ሁሉ ለጠያቂው ላከ ማለት ነው።

ስህተት 7፦ አማርኛውን ለዕድል መተው

መልሱ ላይ የደንበኛ ስም በአማርኛ ካለ ኮንተንት ታይፕ ሄደሩን ራሳችሁ ጻፉት፣ ዩቲኤፍ 8 መሆኑንም ጨምራችሁ። ሃንድል ሪስፖንስ ላይ አዲስ ፕሮፐርቲ ስትጨምሩ ሄደር ሆኖ ይወጣል፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ካልጻፋችሁት ተቀባዩ ይገምታል፣ ሲገምት ደግሞ የማይነበብ ምልክት ድርድር ነው የሚታየው።

ስም በአድራሻው መስመር ላይ አትላኩ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ነው፣ አድራሻ ውስጥ ሲገባ 9 ቁምፊ ይሆናል። የሄደሩ ጠቅላላ መጠን በነባሪው 8 ኪሎባይት ስለሆነ 900 ፊደል ገደማ ላይ ግድግዳ ትመታላችሁ። በፖስት ይሂድ።

ፎቶ የምትቀበሉ ከሆነ ደግሞ የመልቲፓርት (ፋይል የተያያዘበት ጥያቄ) ወሰኑን እዩ፣ 1 ሜጋባይት ነው። አሁን ስልክ የሚያነሳው የመታወቂያ ፎቶ ከዚያ ይበልጣል።

ስህተት 8፦ ደህና ዳታ ብቻ መሞከር

በኩርል (ከትእዛዝ መስመር ጥያቄ መላኪያ) አንድ ትክክለኛ ጄሰን ልከው 200 ሲያዩ «አለቀ» የሚሉ አሉ። ባዶ ጥያቄ ላኩ። የተሰበረ ጄሰን ላኩ። በሌለ ፓዝ ሞክሩ። ሁለት ሦስት ጥያቄ በአንድ ጊዜ ልካችሁ መልሶቹ እንዳልተቀያየሩ ተመልከቱ። ከዚያ መሀል ላይ ያለውን አንድ ፕሮሰሰር አቁሙና ጠይቁ፤ ምን እንደሚመለስና ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ጻፉት። ያ ሰከንድ ለላኪው ድርጅት የምትነግሩት ቁጥር ነው፣ የእነሱ ታይምአውት ከሱ እንዲረዝም። ማፑ ላይ ያለውን ጊዜ ለመቀነስ ካሰባችሁም መጀመሪያ ሰርቪሱን ማሰናከል፣ ለዚያ ደግሞ የሚጠቀሙበትን ፕሮሰሰሮች በሙሉ ማቆም ግድ ነው፤ ስለዚህ ቀጥታ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ቢሆን ይሻላችኋል።