ለወሎ ክረምት ጫማ እንዴት ይመረጣል፦ ከሐይቅ ጀልባ እስከ ላሊበላ አለት

በሐምሌና በነሐሴ ወሎን ለማየት የሚነሳ ሰው ጫማ ሻጩን ቀድሞ የሚጠይቀው «ውሃ ያስገባል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቦታው ግን ሁለተኛ ነው። የራሰ እግር ማታ ይደርቃል። አዳልጦት ቁርጭምጭሚቱ የዞረ ሰው ግን የቀረውን ጉዞ አልጋ ላይ ሆኖ ይቆጥረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሶሉ፣ ቀጥሎ ልኩ፣ ከዚያ በኋላ ቆዳው ይታያል።

የሚረግጡትን መሬት ይለዩ

ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ ክረምቷ ጉምና ብርድ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ደግሞ ኮትዎን ማውለቅ ያምርዎታል። ለደሴ ብርድ ተብሎ የተገዛ ወፍራም ገበር ያለው ጫማ ኮምቦልቻ ላይ እግር ያልባል፤ ላብም እንደ ዝናብ ካልሲ ያርሳል። በመሆኑም ፀጉራም ገበር ያለውን ይለፉትና ሙቀቱን ከካልሲ ያግኙት፤ ካልሲ እንደ አየሩ ይቀየራል፣ ገበር ግን አይቀየርም።

ከዚያ የጉዞዎን ቀናት ይቁጠሩ፦ ስንቱ የከተማ አስፋልትና ኮብልስቶን፣ ስንቱ የገጠር ዋልካ፣ ስንቱ የላሊበላ እርጥብ አለት፣ ስንቱ የሐይቅ ጀልባ ነው? ሁሉንም የሚችል አንድ ጫማ የለም። የበዛውን ይዘው ዋናውን ጫማ ይምረጡ፤ ለቀሪው ቀላል ሁለተኛ ጫማ ይያዙ።

ሶሉን ገልብጠው ይዩ

ሻጩ ፊቱን ወልውሎ ያሳይዎታል፤ እርስዎ ግን ጫማውን ገልብጠው ሆዱን ይዩ።

ለዋልካ የሚሆን ሶል ጥርሱ ረጅምና የተራራቀ ነው። ዋልካ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲርስ እንደ ሊጥ የሚለጠፍ ጥቁር አፈር ነው። የሶሉ ጥርስ አጭርና የተጠጋጋ ከሆነ አምስት እርምጃ ሳይሄዱ ክፍተቱ ሁሉ በጭቃ ይደፈናል። ከዚያ በኋላ ጎማው መሬት አይነካም፤ ሶሉ ላይ የተለጠፈው ጭቃ መሬት ላይ ያለውን ጭቃ ይረግጣል፣ እግርም ይከዳል። በዚያ ላይ በየእርምጃው እየወፈረ ጫማውን ያከብደዋል። ጥርሱ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፤ በሁለት ጥርሶች መካከልም የትንሿ ጣትዎ ጫፍ ትግባ። ትንሿ ጣት የምትገባበት ክፍተት ሶሉ በታጠፈ ቁጥር ጭቃውን ያራግፋል። ተረከዙ በፊት በኩል ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ታኮ እንዲኖረውም ያስፈልጋል፤ ቁልቁለት ላይ አፈሩን ነክሶ የሚይዘው እሱ ነው። ከተረከዝ እስከ ጣት ያለ ታኮ የወረደ ሶል ለጦሳ ቁልቁለት አይሆንም። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም በዓል ለሚወጡም ይኸው ይሠራል፤ ዝናቡ እየቀለለ ቢሆንም ጥላ ያለበት አቀበት ገና አልጠነከረም።

እርጥብ አለትና ጀልባ ላይ ግን ያ ረጅም ጥርስ ይጎዳል። ለስላሳ ነገር ላይ እግርን የሚይዘው ወለሉን የሚነካው የጎማ ስፋትና የጎማው ልስላሴ ነው። ጥርሱ የረዘመና የጠነከረ ሶል ድንጋዩን የሚነካው በጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ነው። ላሊበላ ላይ የምእመናን እግር ለዘመናት ያለሰለሰው ደረጃና የዋሻ መተላለፊያ ውሃ ሲወርድበት እንደዚህ ያለ ሶል እንደ ሚስማር ይንሸራተታል። ለአለትና ለጀልባ ሶሉ ሰፋ ብሎ ወለሉን የሚነካ፣ ሲያጥፉት ደግሞ እንደ ምላጭ ጭረት የሚከፈቱ ቀጫጭን ስንጥቆች ያሉት ይሁን። ዘዴው የፖል ስፔሪ ነው፤ ይህ አሜሪካዊ ውሻው በረዶ ላይ ሳይንሸራተት ሲሮጥ አይቶ የመዳፉን ስንጥቅ በማስመሰል እ.ኤ.አ. በ1935 የጀልባ ጫማ ሠራ። ሲረገጥ ስንጥቆቹ ተከፍተው ከሥር ያለውን ውሃ ስለሚያስወግዱ ጎማው ወለሉን ያገኛል።

ልስላሴውን በጥፍርዎ ይለኩ። የአውራ ጣትዎን ጥፍር ሶሉ ጠርዝ ላይ ጫን ሲያደርጉት ጥሩ ጎማ ትንሽ ይጎደጉድና ወዲያው ይመለሳል። ጥፍር የማይቀበል፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሲያሸቱት ፕላስቲክ ፕላስቲክ የሚል ሶል የደሴ ጠዋት ብርድ ሲነካው ይበልጥ ይገግራል፤ ርካሽ ኮንጎና አንዳንድ «ስፖርት ጫማ» እርጥብ ኮብልስቶን ላይ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ቀጥሎ ሻጩን አስፈቅደው የሱቁ ደፍ ላይ ጥቂት ውሃ ያፍስሱና ጫማውን አድርገው በተረከዝዎ ወደፊት ይግፉ። ሻጩ ቢያጉረመርም አይፈሩ፤ የውሃ ጠብታ ጫማ አያበላሽም።

ሰልባጅ ከሆነ ይህን አይዝለሉ

ሰልባጅ ተራ ላይ በአዲሱ ዋጋ ሩብ ጠንካራ የተራራ ጫማ ሊገኝ ይችላል፤ ለብዙ ሰው የሚመከረውም እሱ ነው። አደጋው ያለው ከቆዳው በታች፣ ከታችኛው ጎማ በላይ ባለው መካከለኛ ንብርብር ነው። በብዙ የተራራ ጫማዎች ይህ ንብርብር ፖሊዩረቴን የሚባል ፎም ነው፤ አየር ውስጥ ያለ እርጥበት ብቻውን ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል። ጫማው ሳይደረግ ሳጥን ውስጥ ዓመታት ቢቀመጥም መፍረሱ አይቀርም፤ ስለዚህ ቆዳው አዲስ መምሰሉ ምንም አያረጋግጥም። እንዲህ ያለ ጫማ በመጀመሪያው ረጅም መንገድ እንደ ደረቀ ድርቆሽ ይፈረፈራል፤ ያውም ከሱቅ በራቁበት ቦታ።

ንብርብሩን ዙሪያውን በጥፍር ይጫኑ። ጎድጉዶ ከቀረ፣ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ጥፍርዎ ሥር ዱቄት ከገባ ይተዉት። ከዚያ ጫፉንና ተረከዙን ይዘው አሥር ጊዜ ያህል በኃይል ያጥፉትና ጆሮዎን ያስጠጉ፤ የመሰነጣጠቅ ድምፅ ከሰሙ ዋጋው ቢወርድም አይውሰዱት። ማስቲሽ አያድነውም፤ የሚጣበቅበት ጤነኛ ነገር የለም። ፎሙ ደህና ሆኖ ሶሉ ብቻ የተላቀቀ ጫማ ግን ሌላ ነው፦ ጫማ ሰፊ ለጥፎ ዙሪያውን በወፍራም ክር ከሰፋው ክረምቱን ይዘልቃል።

ከላይ ያለው

ሙሉ ቆዳ፣ ስፌቱ ጥቂት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን። ጠብታ ውሃ ያኑሩበት፤ ድቡልቡል ብላ ከቆመች ጥሩ ነው፣ ወዲያው ገብታ ቦታው ከጠቆረ ቆዳው ገና ቅባት ይፈልጋል። ሰው የማያየው ምላሱን ነው። ምላሱ እስከ ላይ ድረስ በሁለቱም ጎኑ ከጫማው ጋር በቆዳ ወይም በጨርቅ የተያያዘ ይሁን፤ ካልሆነ ኩሬ ሲረግጡ ውሃው በማሰሪያው በኩል ይገባል፣ የቀረው ጫማ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን።

ጎርቴክስና መሰሎቹ ውሃ የማያስገቡ ገበሮች ዋጋቸው ከፍ ይላል። ለካፊያ ጥሩ ናቸው። የነሐሴ ዝናብ ግን ሱሪን ተከትሎ ከላይ በአፍ ይገባል፤ ያኔ ውሃ የማያስገባው ጫማ ውሃ የማያስወጣም ይሆንና ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ዝናብ ልብሱ ሱሪ ከሌለው ለዚህ ተጨማሪ ብር ማውጣት አይጠቅምም። የጎማ ቦት ለጓሮና ለአጭር የጭቃ መንገድ ወደር የለውም፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲሄዱበት ግን ባቱን ይፍቃል፣ እግሩ በላብ ይዘፈቃል፣ ሲቆሙ ደግሞ ይበርዳል። ጀልባ ላይ ጨርሶ አያድርጉት፤ ውሃ ከሞላበት ከእግር ለማውጣት ይከብዳል።

ልኩ

ከሰዓት በኋላ ይሞክሩ፤ እግር እየዋለ ያብጣል። የሚጓዙበትን ወፍራም ካልሲ ይዘው ይሂዱ። ማሰሪያውን ሳያጠብቁ እግርዎን ወደፊት ሲገፉ ከተረከዝዎ ኋላ አንድ ጣት ይግባ። ማሰሪያውን ሲያጠብቁ ደግሞ ተረከዙ አይነሳ። በአውሮፓ ቁጥር ከ41 ወደ 42 ያለው ልዩነት ከ7 ሚሊ ሜትር በጥቂት ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ለወፍራም ካልሲ አንድ ቁጥር መጨመር ይበቃል፣ ሁለት ግን ይበዛል።

ዋናው ፈተና ቁልቁለት ነው፤ ደሴ ውስጥ ደግሞ ቁልቁለት ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለም። ከሱቁ ወጥተው ሃያ እርምጃ ይውረዱ። የእግርዎ ጣት የጫማውን ጫፍ ከነካ ከቀን መንገድ በኋላ ጥፍርዎ ይጠቁራል። «አብሽሩ፣ እግርዎ ሲለምደው ይሰፋል» ይባላሉ። ቆዳ በጎን በእርግጥ ይሰፋል፤ በርዝመት ግን አይጨምርም። ጎኑ ትንሽ የጠበበን መውሰድ ይቻላል፣ ያጠረን ግን አይውሰዱ።

ከገዙ በኋላ ቢያንስ ለአሥር ቀን፣ በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ሠፈር ውስጥ ያድርጉት።

ካልሲ

የሱፍ ወይም ሱፍ የተቀላቀለበት ይግዙ። ጥጥ ከራሰ በኋላ ቆዳ ላይ ይለጠፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይፍቃል። ሱፍ ረጥቦም ውስጡ አየር ይይዛል። የደጋ ሰው በርኖሱን በዝናብ ለብሶ ሲርስ እንኳ የማይንዘፈዘፈው ለዚህ ነው። ለሦስት ቀን አራት ጥንድ ይበቃል፤ አንዱ ለመኝታ ብቻ ይቀመጥ፣ በፌስታል ታስሮ።

ሁለተኛው ጫማ

ላሊበላ ላይ አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ሲያዞሩ በየደጃፉ ጫማ ይወልቃል። ማሰሪያው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቡትስ አድርጎ የሄደ ሰው ከአራተኛው በኋላ ማሰሪያውን ሳያስር መሄድ ይጀምራል፤ እርጥብ አለት ላይ የሚወደቀውም ያኔ ነው። ለዚያ ቀን ሶሉ ስንጥቅ ያለው፣ በአንድ እጅ የሚወልቅ ዝቅተኛ ጫማ ይያዙ። መግቢያው ላይ ያለው ድንጋይ እርጥብ ስለሚሆን ትርፍ ካልሲ በኪስ ይኑር። በየመንገዱ መስጊድ ገብቶ ለሚሰግድ መንገደኛም ይኸው ጫማ ይቀላል፤ ከዉዱ በኋላ ግን እግርን ሳያደርቁ ካልሲ ማድረግ የውሃ ቋጠሮን መጥራት ነው፣ ትንሽ ፎጣ አይለይዎ።

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ሐይቅ ላይ በጀልባ ለሚሄዱ የሚሻለው ይኸው ዝቅተኛ ጫማ ነው። ጭቃውን ከዳር አራግፈው ይሳፈሩ፤ በእርጥብ የጀልባ ወለል ላይ የወደቀ የዋልካ ጭቃ ቀጥሎ የሚሳፈረውን ሰው ይጥላል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወንዶች ብቻ የሚገቡበት ነው፤ የሚገቡትም ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ነጠላ ጫማና ሲሊፐር ለማደሪያ ክፍል ብቻ ይሁኑ።

ቅባቱ

የሊስትሮ ቀለም ያሳምራል እንጂ ውሃ ለማቆም ብዙም አይረዳም። አንድ እጅ ንጹሕ ሰፈፍ ከሁለት እጅ ቀልጦ ከተጣራ ጨው አልባ ሞራ ጋር፣ የፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ ያቅልጡ፤ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣዱት፣ ይቀጣጠላል። ለብ ሲል በጨርቅ ጫማው ላይ ይሹት፤ ስፌቱንና ሶሉ ከቆዳው የሚገናኝበትን መስመር ሁለት ጊዜ ያዳርሱ። ሌሊቱን አሳድረው ጠዋት የተረፈውን ይጥረጉ። ቆዳው ይጠቁራል፣ ያ የሚጠበቅ ነው። ፀጉራም ቆዳና ጨርቅ ላይ ግን አይቀቡት።

ሲርስ

ማደሪያዎ ሲደርሱ ማሰሪያውን ሙሉ በሙሉ ይፍቱ፣ ምላሱን ወደ ውጭ ይሳቡ፣ የውስጥ መርገጫውን አውጥተው ለብቻው ያቁሙ። ጭቃውን እርጥብ ሳለ በጨርቅ ያንሱት፤ ዋልካ ከደረቀ ቆዳውን ይዞ ይላቀቃል። ከዚያ የጋዜጣ ወረቀት ጨብጠው እስከ ጫፉ ይሙሉት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የራሰውን አውጥተው ሌላ ይቀይሩ፣ ከመተኛትዎ በፊት ደግሞ አንዴ ይድገሙት። ሁሉም ሰው የሚፈተነው ከሰል ምድጃው ሲቀጣጠል ነው፤ ጫማውን ጠጋ ማድረግ ያምራል። እሳቱ የሶሉን ማስቲሽ ያላላል፣ ቆዳውንም ያደርቅና መታጠፊያው ላይ ይሰነጥቀዋል። እጅዎን ሳይፈጅ ለረጅም ጊዜ ሊያቆዩበት ከሚችሉበት ቦታ ይበልጥ አያቅርቡት፤ ሶሉን ወደ ግድግዳ አዙረው በጎኑ ያስተኙት።