በልጆች ታሪካዊ ልብ ወለድ ውስጥ ፍርሃትን፣ ጓደኝነትንና ማሸማቀቅን እንዴት መጻፍ ይቻላል

ለልጆች የሚጻፍ ታሪካዊ ልብ ወለድ የጦር ሜዳውን ትቶ ጦርነቱ በልጆች መካከል ያስቀረውን ቂም ሲከተል ይበልጥ ይጠነክራል። አሠራሩን በተጨባጭ ለማሳየት አንድ ታሪክ እንያዝ። ዘመኑ 1934 ዓ.ም.፣ ቦታው አዲስ አበባ ነው፤ ጣሊያን ከከተማዋ ከወጣ ገና ዓመት አልሞላውም። ጌታሁን የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለ። አባቱ ለጣሊያን ያደረ ባንዳ ስለ ነበር የሰፈሩ ልጆች ስሙን ትተው «የባንዳ ልጅ» ይሉታል።

1. ዘመኑን በልጆቹ ዕድሜ ቁጠሩ

ከመጻፍ በፊት እያንዳንዱ ልጅ በየትኛው ዓመት ስንት ዓመቱ እንደ ነበር በወረቀት ላይ አስፍሩ። ጌታሁን በ1925 ተወልዶ ከሆነ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው፣ ማለትም ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ እሱ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ወይም ሞልቶት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ሲመለሱ ደግሞ ስምንት ዓመት ገደማው ነው። ስለዚህ ይህ ልጅ ከወረራው በፊት የነበረችውን አገር አያስታውስም፤ የሚያውቀው ዓለም በሙሉ የጣሊያን ዘመን ነው። የሚያሸማቅቀው ተድላ ግን አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው እንበል። የካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ለሦስት ቀን ሰው ሲጨፈጨፍና ቤት ሲቃጠል እሱ ሰባት ዓመቱ ነበር። አንዱ ያየውን ሌላው አላየም። በሁለቱ መካከል ያለው የሦስት ዓመት ልዩነት የታሪኩ ሞተር ይሆናል፤ ጸሐፊው ይህን ካልቆጠረ ግን ሁለቱም ልጆች ስለ ጦርነቱ እንደ ትልቅ ሰው ያወራሉ።

2. የዘመኑን ዕቃ በትክክል አስቀምጡ

እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም፤ ስሕተት ግን አንባቢን ያስቀይማል። በ1934 ዓ.ም. ገበያ ውስጥ የማርያ ቴሬዛ ብር፣ የጣሊያን ሊሬና እንግሊዞች ያመጡት የምሥራቅ አፍሪካ ሺልንግ ይገኛሉ፤ ከነፃነት በኋላ የታተመው የኢትዮጵያ ገንዘብ የወጣው በ1937 ዓ.ም. ነውና ልጆቻችሁ እሱን አይያዙ። ትልቁ ገበያም ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ የተዛወረው በጣሊያን ጊዜ ነው። አዲስ ዘመን ጋዜጣ በ1933 ዓ.ም. መታተም ስለ ጀመረ የመጀመሪያዎቹን እትሞች አፈላልጎ ማንበብ የዘመኑን አነጋገር ለመስማት ይረዳል። በዚያን ጊዜ ልጅ የነበሩ አዛውንት ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው፤ ካገኛችሁ ስለ ጦርነቱ ሳይሆን ምን ይበሉ፣ ምን ይጫወቱ፣ ማንን ይፈሩ እንደ ነበር ጠይቋቸው።

3. ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ፍርሃት ስጡት

«ልጁ በጣም ፈራ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለአንባቢው ምንም አያሳይም። ፍርሃት የሚታየው ልጁ በሚያደርገው ነገር ነው። ተድላ እናቱ ምድጃ ላይ እርጥብ እንጨት ስትጨምር ጭሱ ሳይወጣ ተነሥቶ በሩን ይከፍታል፤ ማንም ለምን እንደሆነ አይጠይቀውም፣ እሱም አይናገርም። የጌታሁን ፍርሃት ሌላ ነው። እሱ ጭስ አያስደነግጠውም፤ የሚያስደነግጠው ከበስተኋላው ድንገት የሚቋረጥ ሳቅ ነው፣ ሳቁ በእሱ ላይ እንደ ነበር ያውቃልና። ሁለቱን ፍርሃቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ጸሐፊ የአሸማቃቂውን ልጅ ቁስል ያሳያል፤ በደሉን ግን ትክክል አያደርገውም። ይህ ሚዛን መጠበቅ አለበት። የተድላ ሐዘን እውነተኛ ነው፤ በጌታሁን ላይ የሚያደርሰው በደልም እውነተኛ ነው።

4. ማሸማቀቁን ልጆቹ ከሚያውቁት ሥርዓትና ጨዋታ ውስጥ አውጡት

በጣም ልትደክሙበት የሚገባው ክፍል ይህ ነው። አሸማቃቂ ልጅ በአብዛኛው ከመማታቱ በፊት የተፈቀደለትን ነገር ይጠቀማል። በቄስ ትምህርት ቤት ቀድሞ ፊደል የለየው ልጅ ለታናናሾቹ ያስቀጽላል፤ ተድላም ዳዊት የደገመ ስለሆነ የኔታ ጌታሁንን እንዲያስቀጽል አደራ ሰጥተውታል። እንግዲህ ጌታሁን አንድ ፊደል ሲስት ተድላ ሃያ ጊዜ ቢያስደግመው፣ ድምፁንም ከፍ እንዲያደርግ ቢያዝዘው፣ የኔታ የሚያዩት ትጉህ ተማሪን ነው። ጌታሁን ክስ ማቅረብ አይችልም፣ ምክንያቱም የሚከስሰው ነገር ትምህርት ይመስላል።

ቀጥሎ ጨዋታውን ተመልከቱ። በእንካ ስላንትያ አንዱ «እንካ ስላንትያ» ሲል ሌላው «በምንትያ?» ይላል፤ የመጀመሪያው አንድ ቃል ይጠራል፤ ሁለተኛው ያንኑ ቃል ይዞ «ምን አለህ በ...» ብሎ መጠየቅ አለበት። አሁን ልጆች ከበው በቆሙበት ተድላ «በባንዳ» ይበል። የጨዋታው ደንብ ጌታሁን በራሱ አፍ «ምን አለህ በባንዳ?» ብሎ ስድቡን እንዲጠይቅ ያስገድደዋል። ዝም ቢል ተሸነፈ ይባላል፤ ቢጠይቅ ደግሞ አባቱን ለስድብ አሳልፎ ሰጠ። እኔ ብጽፈው ተድላ የሚመልሰውን ግጥም አልጽፈውም፤ ጌታሁን አፉን ከፍቶ ድምፅ ያጣበት ቅጽበት ይበቃል።

5. ጓደኝነቱ ዋጋ ያስከፍል

የጌታሁን ጓደኛ ወርቄ የአርበኛ ልጅ ትሁን። በዚያ ክበብ ውስጥ ቆማ ነበር፤ ምንም አልተናገረችም። ይህን ዝምታ አትዝለሉት፣ አንባቢ ልጆች ከሁሉ ይልቅ ራሳቸውን የሚያገኙት በእሷ ውስጥ ነው። በማግስቱ ሮጣ መጥታ ንግግር አድርጋ እንዳታድነው። የምታደርገው ነገር ትንሽና የሚታይ ይሁን፤ ጌታሁን ለብቻው ከሚቀመጥበት ድንጋይ አጠገብ ሄዳ ትቀመጥ። ከዚያ ያጣችውን አሳዩ፤ ከጓደኞቿ መካከል ማን ውኃ ለመቅዳት አብሯት መሄድ እንዳቆመ፣ እናቷ ምን እንዳሏት፣ አባቷስ ወሬውን ሲሰሙ ምን ያህል ጊዜ ዝም እንዳሉ። አባቷ በዱር አምስት ዓመት የተዋጉ ሰው ናቸውና መልሳቸው ቀላል ሊሆን አይችልም፤ በተለይ ለጣሊያን አድረው የነበሩ አንዳንድ ሰዎች ከነፃነት በኋላ ሹመት ማግኘታቸው ብዙ አርበኞችን ያንገበግብ ነበር።

6. አባትየውን ንጹሕ አታድርጉት

ታሪኩ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አንድ ፈተና ይመጣል። በከተማ ተቀምጠው ለአርበኞች ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ በድብቅ የሚልኩ የውስጥ አርበኞች እንደ ነበሩ ይታወቃል። የጌታሁን አባት ባንዳ መስሎ የኖረ የውስጥ አርበኛ ሆኖ ቢገኝ ሁሉም ይታረቃል፤ አንባቢውም ደስ ይለዋል። ይህን አታድርጉ ብዬ አጥብቄ እለምናለሁ። አባቱ አርበኛ ስለ ሆነ ጌታሁን ይቅርታ ከተጠየቀ፣ መጽሐፉ አባታቸው በእርግጥ ባንዳ የነበረ ልጆችን ማሸማቀቅ ይገባል እያለ ነው። አባትየው ባንዳ እንደ ሆነ ይቅር፤ የሠራውም ሥራ በስሙ ይጠራ፤ ልጁ ግን የራሱን ስም መልሶ ያግኝ። ንጉሠ ነገሥቱ በተመለሱበት ዕለት ሕዝቡ በክፉ ፈንታ ክፉ እንዳይመልስ ለምነው ነበር። ያ ቃል ለተማረከው ጣሊያናዊ ከሠራ ለአንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለምን እንደማይሠራ ወርቄ አባቷን ትጠይቅ፤ መልሱን ግን እናንተ አትስጡላቸው።

7. ለልጆች ጮክ ብላችሁ አንብቡት

ረቂቁ ሲያልቅ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉ ጥቂት ልጆች አንብቡላቸው። የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ በዝርዝር ማሳየት አያስፈልግም፤ ተድላ ያየው ጭስና ከዚያ በኋላ ያልተመለሰው አባቱ ለዚህ ዕድሜ ይበቃሉ። ከንባቡ በኋላ «ምን ተማራችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ወርቄ ዝም ባለችበት ሰዓት ምን ማድረግ ትችል እንደ ነበር ጠይቁ፤ ልጆቹ እርስ በርስ መከራከር ከጀመሩ ትዕይንቱ ሠርቷል፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ «መናገር ነበረባት» ብለው ካለፉ ግን ወደ እንካ ስላንትያው ትዕይንት ተመልሳችሁ የወርቄን ፍርሃት እንደ ገና ጻፉት።