አሮጌ መኪና ዘይት ሲያንጠባጥብ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ስህተቶች

አንድ ጎረቤቴ የአሮጌ ኮሮላውን ካምቢዮ አስወርዶ የሞተሩን የኋላ ፓራኦሊዮ (ዘንጉ ላይ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን የጎማ ቀለበት) አስቀየረ። ሁለት ቀን ፈጀ፣ ብዙ ብርም ወጣ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከመኪናው ሥር ያነጠፈው ካርቶን ላይ ያው ጥቁር ክብ ተቀምጧል። ሄጄ በባትሪ ሳይ ዘይቱ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ጥግ ተነስቶ፣ በሞተሩ ጎን ወርዶ፣ ሞተርና ካምቢዮ የሚገናኙበት ላይ ነው የሚንጠባጠበው። ያስፈልግ የነበረው አንድ የጎማ ጓርኒሲዮን (በክዳኑና በሞተሩ መሃል የሚገባ ማሸጊያ) እና የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር።

ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት! ወዳጆቼ፣ ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ጠብታው የታየበትን ቦታ አትመኑ። ሞተሩ ሳይታጠብም ቁልፍ አታንሱ። ሲበርድ ዲናሞውንና ዲስትሪቢውተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) በፌስታል ሸፍኑ፣ የደረቀውን ቅባት በናፍጣና በብሩሽ አርሱ፣ በሳሙና እጠቡ። በቤንዚን የሚያጥብ ሰው አይቻለሁ፤ እሳት ነው፣ በፍጹም አታድርጉት። ሲደርቅ ከቺንጊያውና ከአየር ማጣሪያው ራቅ አድርጋችሁ የሕፃን ፓውደር ነስንሱበት። ሃያ ደቂቃ ያህል ነድታችሁ ተመለሱና ከላይ ወደ ታች በባትሪ እዩት። በነጩ ዱቄት ላይ ጥቁሩ መስመር ከሁሉ ከፍ ብሎ የሚጀምርበት ቦታ ነው ቀዳዳችሁ። መጀመሪያ የቴስታታው ክዳን፣ ቀጥሎ የዲስትሪቢውተሩ ጎሚኒ፣ የዘይት መብራት ሽቦ የሚሰካባት ትንሿ ሴንሰር፣ የዘይት ፊልትሮው (ማጣሪያው) መቀመጫ። ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) እና ፓራኦሊዮ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚጠረጠሩት።

ሁለተኛው ስህተት ሲሊኮን ማብዛት ነው። በውጭ በኩል ተጨምቆ የምታዩትን ያህል በውስጥም ተጨምቆ ገብቷል። ያ ቁራጭ ተላቆ ኮፓ ውስጥ ይወድቅና የዘይት ፓምፑ የሚስብበትን ወንፊት ይዘጋል። አንድ ሞተር ስንፈታ ወንፊቱ በግራጫ ሲሊኮን ተደፍኖ፣ ብሮንዚኖቹ (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው የብረት ሽፋኖች) ተፍቀው አግኝተናል። የጎማ ጓርኒሲዮን በደረቀና በጸዳ ብረት ላይ ብቻውን ይቀመጣል፤ ሲሊኮን የሚገባው ክዳኑ የሚታጠፍባቸው ጥጎች ላይ፣ እሱም በጣም ጥቂት። አሮጌውን ጓርኒሲዮን ይዛችሁ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ገበያ ሂዱና ጎን ለጎን አስተያዩ፤ በቃል ነግራችሁ አትግዙ።

ክዳኑን ስታስሩ ጉልበት አታሳዩ። እነዚያ ቡሎኖች ትንንሽ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል። በአጭር ቁልፍ፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ ሁሉንም በትንሽ በትንሹ። ከልክ በላይ የተጠበቀ ጓርኒሲዮን ይጨመቅና ይሰነጠቃል፣ ክዳኑም ይጣመማል፣ ከበፊቱ የባሰ ያፈሳል።

የኮፓው ማፍሰሻ ቡሎንም እንዲሁ ነው፤ ሮንደላውን ቀይሩ እንጂ ጥርሱ እስኪበላ አታጥብቁት።

ፊልትሮ ስትቀይሩ የድሮው ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ እንዳልቀረ በጣታችሁ ዳስሱ። በሁለት ጎማ ላይ የታሰረ ፊልትሮ ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱን በደቂቃዎች ውስጥ መሬት ላይ ያፈሰዋል።

በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አትግቡ። ድንጋይም መቆሚያ አይደለም።

አሁን እኔ ራሴ የተሳሳትኩት። የአንድ ደንበኛን መኪና የፊት የክራንክ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ፓራኦሊዮ ሁለት ጊዜ ቀይሬ ሁለቱም ጊዜ አፈሰሰ። ዕቃው ደካማ ነው ብዬ ደመደምኩ። በኋላ የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ ስነቅለው እንደ ሬንጅ በጠነከረ ዝቃጭ ተዘግቶ አገኘሁት። ፒስተን ቀለበቱ የተበላ አሮጌ ሞተር ውስጡ ብዙ ግፊት ይፈጥራል፤ መተንፈሻው ከተዘጋ ያ ግፊት ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ዘይት ይገፋል፣ አዲስ ፓራኦሊዮም አይቋቋመውም። ቱቦውንና የመተንፈሻውን ቫልቭ ሳጸዳ ፍሳሹ ቆመ። ያ ደንበኛ በእኔ ስህተት ሁለት ጊዜ የከፈለው ገንዘብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ አሁን ማንኛውንም ፓራኦሊዮ ከመንካቴ በፊት መተንፈሻውን ነው የማየው። ደግሞም የድሮውን ፓራኦሊዮ በካቻቢቴ ስታወጡ ዘንጉን እንዳትጭሩት፤ አንዲት ጭረት ብትኖር አዲሱም ያፈሳል።

ሌሊቱን አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከሆነና የዘይት መለኪያው እምብዛም ካልወረደ፣ ለኋላው ፓራኦሊዮ ብላችሁ ካምቢዮ አታውርዱ፤ ፍሪሲዮን በሚቀየርበት ቀን አብሮ ይቀየራል። ዘይቱ በጋለው የጭስ ቱቦ ወይም በታይሚንግ ቺንጊያው ላይ የሚወርድ ከሆነ ግን መኪናው ሳይጠገን አይነዳ።