ሥራ ከማከፋፈላችሁ በፊት ቦታውን እዩት

እ.ኤ.አ. በ2004 በኤንቢሲ ቴሌቪዥን በጀመረው «ዘ አፕረንቲስ» የንግድ ውድድር የመጀመሪያ ክፍል፣ ስምንት ወንዶችና ስምንት ሴቶች በሁለት ቡድን ተከፍለው፣ ለየቡድናቸው 250 ዶላር መነሻ ተሰጥቷቸው፣ በኒውዮርክ ጎዳናዎች ላይ የሎሚ ጭማቂ እንዲሸጡ ታዘዙ። ወንዶቹ ጠረጴዛቸውን የዘረጉት በዓሣ ገበያ አካባቢ ነበር፤ በዚያ ሽታ መካከል ቆሞ ጭማቂ የሚጠጣ መንገደኛ ከየት ይገኛል? ከመካከላቸው አንዱ ደግሞ አንዲቷን ብርጭቆ በ1000 ዶላር ለመሸጥ ሞከረ። ያሸነፉት ሴቶቹ ናቸው።

ቡድን የምትመሩ ሁሉ፣ ለባዛርም ይሁን ለሱቅ መክፈቻ፣ ሥራውን ከማከፋፈላችሁ አስቀድሞ አንድ ሰው ቦታው ድረስ ሄዶ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆሞ፣ በዚያ የሚያልፈው ማን እንደሆነና ምን እንደሚገዛ አይቶ እንዲመለስ አድርጉ። ቀጥሎም ዋጋውን ማን እንደሚወስን፣ ገንዘቡን ማን እንደሚይዝ በስም ጻፉ። በውድድሩ የተሸነፈው ቡድን መሪ አብረውት ለስንብት የሚቀርቡትን ራሱ ስለሚመርጥ፣ አባላቱ ጥፋቱን አንዱ በሌላው ላይ ሲያላክኩ ማየት የተለመደ ነበር። እኔ ወረቀቱን ሥራው ሳይጀመር ሁሉም አንብበው እንዲፈርሙበት አደርጋለሁ።